ሙሽራው በየት አገር ይጠጣ?

አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ባቡር ውስጥ ነው። የምግብ ቤቱ ፉርጎ አስተናጋጅ ነበረች። ባቡሩ የሚመላለሰው በሁለት አገሮች መካከል ሲሆን ድንበራቸው አንድ ሰፊ ወንዝ ነው። ወዲህ ማዶ ባለው አገር አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው እንደ ልቡ መጠጣት ይችላል። ወዲያ ማዶ ግን ሃያ አንድ ያልሞላው ሰው ጠርሙስ በዓይኑ ባያይ ይመረጣል። ስለዚህ የአክስቴ ሥራ ግማሹ ማስተናገድ፣ ግማሹ መንጠቅ ነበር። ባቡሩ ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ትሪዋን ይዛ ትነሳና ለጋ ለጋ ፊት እየመረጠች ብርጭቆ ትሰበስባለች። ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ድልድዩ ከሩቅ ብቅ ሲል ውሃ እንዳገኘ ግመል ይጋታሉ። በመልሱ ጉዞ ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ታቅፈው፣ ዓይናቸውን መስኮቱ ላይ ተክለው፣ ወንዙን ይጠብቃሉ።

«ይህን ወንዝ የፈጠረው አምላክ ስለ ቢራ ያሰበ አይመስለኝም» ትል ነበር።

አክስቴ ምላሷ ስለት ቢሆንም እጇ ጥጥ ነው። የልጅ እጅ ላይ ያለ ብርጭቆ ስትነጥቅ ሁልጊዜ ቅር ይላታል፤ ግን ሕግ ነውና ትነጥቃለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፉርጎዋን ከጥግ ካለች አንድ ጠረጴዛ በቀር ሠርገኞች ያዙት። ጋብቻው ወዲህ ማዶ ተፈጽሟል፤ ድግሱ ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ በሙሽሪት አባት ቤት ነው። መሀል ላይ ባለው ጠረጴዛ ሙሽራው ፊቱን ወደ ጉዞው አድርጎ ተቀምጧል፤ ከፊት ለፊቱ ሙሽሪት፣ ከሙሽሪት ጎን የሙሽራው እናት። ከሁሉም በላይ የሚታየውና የሚሰማው ግን የእናትየው ወንድም፣ የሙሽራው አጎት ነው። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት የሚሰማው ሰው ነበር። ሁለቱን ቤተሰብ ያገናኘው፣ ወዲህና ወዲያ ተመላልሶ ነገሩን ያሳመረው እሱ ስለሆነ፣ ሠርጉን የራሱ አድርጎታል።

«ስሚኝ እህቴ» አላት አክስቴን፤ «ወይኑን ቅጂና ሁሉም ይዞ ይጠብቅ። ልክ የድልድዩ መሀል ስንደርስ፣ በሁለቱ አገር መካከል፣ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል፣ ብርጭቆ አንስቼ ንግግር አደርጋለሁ።»

«ጋሼ፣ ከድልድዩ በፊት ቢያነሱት ይሻላል» አለች አክስቴ። «ሙሽራው ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሙሽራ ዕድሜ የለውም።»

አክስቴ የሙሽራውን አገጭ አየችው። ጢም ለማብቀል ሞክሮ ተስፋ የቆረጠ አገጭ ነው። ነገር ግን የሠርግ ቀን ነው ብላ ዝም አለችና ቀዳች።

ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጣ። አጎትየው ተነሣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ብርጭቆውን ከፍ አደረገ። ልክ በዚያች ቅጽበት ባቡሩ ሁለት ጊዜ አሳለና እንደ ደከመው በቅሎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከወደ ፊት ሞተሩ መቃጠሉ፣ ጎትቶ የሚያወጣቸው ሌላ ባቡር መጠራቱ ተነገረ። ሰው ሁሉ በመስኮት ሲያይ፣ ሁለት ቀለም የተቀባው የድንበሩ የብረት ምሰሶ ከሙሽራው መስኮት ጎን ተገትሯል። የምግብ ቤቱ ፉርጎ ለሁለት አገር እኩል ተካፍሏል ማለት ነው።

ባቡሩ ሁለት ትኬት ተቆጣጣሪዎች አሉት። ወዲህ ማዶን የሚይዘው አጭርና ወፍራም ስለሆነ አክስቴ ድንቡሼ ትለዋለች። ወዲያ ማዶን የሚይዘውን ቀጭንና ረጅሙን ደግሞ ሸምበቆ ብላዋለች። ሌላ ቀን ድልድዩ ላይ ኮፍያ ነቅንቀው ይተላለፋሉ እንጂ አብረው ቆመው አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ሁለቱም ምሰሶው ያለበትን ለማየት ወደ ፉርጎዋ መጡ። አጎትየው መቆሙን እንደ መልካም ዕድል ቆጥሮ ንግግሩን «የተከበራችሁ» ብሎ ሲጀምር፣ የሸምበቆ ረጅም እጅ መጥቶ የሙሽራውን ብርጭቆ ከደነው።

«ሙሽራው፣ መታወቂያ።»

ሙሽራው አወጣ። «ሃያ ዓመቴ ነው። ሃያ አንድ ለመሙላት ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ትንሹ ሲሞላ ትንሽ ትጠጣለህ» አለ ሸምበቆ።

«ቆይ እስቲ» አለ ድንቡሼ። «ልጁ ያለው በእኔ አገር ነው። ምሰሶው እሱን አላለፈም።»

«አልፎታል።»

ድንቡሼ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አነጣጠረ። ሸምበቆም በሌላው መስኮት አነጣጠረ። ከዚያ የሙሽራው የአክስት ልጅ የከንፈር ቀለሟን አዋሰቻቸውና ተንበርክከው ወለሉ ላይ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ቀይ መስመር አሰመሩ። መስመሩ በሙሽራው ወንበር ሥር አለፈ። የወንበሩ የኋላ እግሮች ወዲህ ማዶ፣ የፊተኞቹ ወዲያ ማዶ ሆኑ።

«ሰው የሚጠጣው በአፉ ነው ወይስ በወንበሩ እግር?» ሲል ጠየቀ ድንቡሼ። «አንተ ልጅ፣ ወደ ኋላ ተለጠጥ። ይኸው፣ አፉ እኔ ጋ ገባ።»

«አፉ አንተ ጋ ይግባ። ሆዱ ግን እኔ ጋ ነው» አለ ሸምበቆ። «መጠጡ በአንተ አፍ ገብቶ በእኔ ሆድ የሚያርፍ ከሆነ ኮንትሮባንድ ነው።»

ሙሽራው ተለጥጦ፣ አፉን ወደ ኮርኒሱ ከፍቶ፣ ውሳኔ ይጠብቃል። የጥርስ ሐኪም ጋ የሄደ ይመስላል።

«ለምን ወንበሩን ወደ ኋላ አይስብም?» አለች አክስቴ።

«አይቻልም። ወደ አገራችን የገባ ሰው ፓስፖርቱ ላይ የመውጫ ማኅተም ሳይመታ አይወጣም» አለ ሸምበቆ።

«የመግቢያውስ መቼ ተመታና?» አለ ድንቡሼ።

ሸምበቆ አሰበ። «እንግዲያው ከአንተም ወጥቷል፣ እኛም ጋ አልገባም። የትም የለም ማለት ነው። የትም የሌለ ሰው ደግሞ አይጠጣም።»

አጎትየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። የሠርግ ቀን መሆኑን፣ ወይኑ ከራሱ ቤት መምጣቱን፣ ንግግሩን ለቀናት መስተዋት ፊት መለማመዱን እየጠቀሰ አገር ይያዝልኝ አለ። ሸምበቆ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው ነበር። ቢሆንም አድልዎ አይወድም።

«ሕግ ለሁሉም እኩል ነው» አለ። «ሙሽሪትም መታወቂያ።»

ይህን ጊዜ አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። ሲጮህ የነበረው አጎት ድምፁ ጠፋ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ተዉት፣ ተዉት» አለ። «ወይን ምን ያደርጋል? ውሃ እንጠጣ። ውሃ ለጤና ጥሩ ነው። እህቴ፣ ለሁሉም ውሃ።»

አክስቴ ያን ሁሉ ዓመት ስታስተናግድ፣ ስለ ወይን ሊደባደብ ተነሥቶ በአንድ ትንፋሽ ውሃን ያመሰገነ ሰው አይታ አታውቅም። ሙሽሪት ግን ረጋ ብላ ቦርሳዋን ከፈተችና መታወቂያዋን ሰጠች። ሸምበቆ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሃያ አራት። መጠጣት ትችያለሽ። መልካም ጋብቻ።»

ከታች ወንዙ ሲፈስ ይሰማል።

«ስንት?» አለች የሙሽራው እናት።

«ሃያ አራት፣ እናቴ» አለ ሸምበቆ፤ ያልሰማች መስሎት የበለጠ ጮክ ብሎ።

እናትየው ወደ ወንድሟ ዞረች። «አሥራ ዘጠኝ ናት ብለኸኝ ነበር።»

«እኔ ያልኩሽ መልኳን ነው» አለ አጎትየው። «እያት እስቲ። ፊቷ ከአሥራ ዘጠኝ አይበልጥም።»

ሙሽሪት አንገቷን አልደፋችም። «እማማ፣ እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

«አራት ዓመት» አለች እናትየው። «አራት ዓመት ትበልጠዋለች። ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ እሷ አምስተኛ ክፍል ነበረች።»

«አራተኛ» አለች ሙሽሪት። «አንድ ዓመት ደግሜያለሁ።»

እውነት መናገር እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ አንዳንዴ ነገሩን ያከፋዋል። እናትየው ብድግ አለች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ቀዩን መስመር ተሻገረችና ወዲህ ማዶ ባለ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«እኔ ከዚህ መስመር አላልፍም። ባቡሩ ሲነሳም ከዚህ መስመር አላልፍም» አለች። ባቡሩ ሲነሳ መስመሩም አብሮ እንደሚሄድ ሊያስረዳት የደፈረ አልነበረም።

ሙሽራው የተለጠጠበት ቀርቷል። ዓይኑን ከእናቱ ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ እናቱ ያመላልሳል። ሙሽሪት መስኮት መስኮቱን ታያለች። አክስቴ ለእናትየው ውሃ አመጣችላት። እናትየው ውሃውን ገፋ አድርጋ ወይን አስቀዳች።

«እስቲ ፍረጂኝ» አለቻት። «በቁጥር ይቀለዳል? ዕድሜ ማለት እኮ ቁም ነገር ነው። ይኸው አገር እንኳ ሃያ አንድ ብሎ ሕግ ሲያወጣ፣ ስንት ሊቅ ተሰብስቦ፣ ስንት ተመራምሮ ነው እንጂ ዝም ብሎ ነው?»

«ዝም ብሎ ነው እንጂ» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ።

ዞረው አዩ። ከጥጉ ጠረጴዛ ላይ፣ ሾርባውን ጨርሶ ሳህኑን የሚያብስ አንድ ሽማግሌ አለ። ሰውነቱ ከሲታ፣ ክራቫቱ ሰፊ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ የሰው ነገር ውስጥ መግባት አልወድም» አለ። «ግን ያን ሕግ ያወጣነው እኛ ነን። ወዲያ ማዶ የምክር ቤት አባል ነበርኩ። ኮሚቴው ውስጥም ነበርኩ።»

ሸምበቆ ሳያስበው ኮፍያውን አወለቀ። «እንዴት ዝም ብሎ ይሆናል፣ ክቡርነትዎ?»

«መነሻውስ ዝም ብሎ አልነበረም» አለ ሽማግሌው። «በአገራችን መኪና በዛ። ልጆች ጠጥተው መንዳት ጀመሩና ሞቱ። እናቶች የሞቱ ልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው መጥተው ደጃችን ላይ ተቀመጡ። ያ ቀልድ አልነበረም። ዕድሜው ከፍ ይበል በሚለው አንድም የተቃወመ አልነበረም። ጉዱ የመጣው ‹ስንት ይሁን?› ሲባል ነው።»

ድንቡሼ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሠርገኞቹም ቀረብ ቀረብ አሉ።

«ሐኪሙ ሃያ አምስት አለ። የሰው አንጎል እስከዚያ ድረስ ገና ግንባታ ላይ ነው አለን። ጄኔራሉ አሥራ ስምንት አለ። ጠመንጃ የምሰጠውን ልጅ ብርጭቆ እንዴት እከለክለዋለሁ ብሎ ጠረጴዛ መታ። አንዱ ደግሞ ስልሳ ይሁን አለ፤ እሱ አማቹን አስቦ ነው። ስንከራከር ሰነበትን። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ከታች ከወጥ ቤቱ የጥብስ ሽታ ይመጣል። ሊቀ መንበራችን ሆዱ ጮኸ። እኛም ሰማነው። ‹ሐኪሙ ሃያ አምስት አለ፣ ጄኔራሉ አሥራ ስምንት። መሀሉ ስንት ነው?› አለ። ሃያ አንድ ተኩል ነው አልነው። ‹ግማሿን ምን እናድርጋት?› አለ። አንዱ ‹እንብላት› አለና ወደ ምሳ ወረድን።»

ሸምበቆ ኮፍያውን እንደያዘ ቀረ። የሃይማኖት ያህል የሚያከብረው ቁጥር ነው።

ድንቡሼ ግን በሳቅ ሆዱ ተንቀጠቀጠ። «የእኛስ ቢሆን አንድ ነገር አለው።»

«የእናንተማ ከእኛ የተወለደ ነው» አለ ሽማግሌው። «እናንተም ቀድሞ ሃያ ነበራችሁ። እኛ ከፍ ስናደርግ ልጆቻችን በጀልባ ወደ እናንተ መሻገር ጀመሩ። ወንዝ ዳር መጠጥ ቤት ያላችሁ ሰዎች እንዳይመለሱባችሁ ብላችሁ ዝቅ አደረጋችሁት። እዚህ ሰው ስለ መኪና ይፈራል፣ እዚያ ስለ ገበያ። ሌላ አገር ደግሞ ስለ ወታደሩ፣ ሌላው ስለ አባቶች ቁጣ። ሁሉም የፈራውን ነገር አይቶ ቁጥር ይጠራል። ከዚያ ቁጥሩ ይቆይና የተጻፈ ዕጣ ፈንታ ይመስላል።»

አክስቴ ትሪዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር።

«ይቅርታ፣ አባባ» አለች። «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከልጅ እጅ ብርጭቆ ስነጥቅ የኖርኩት እናንተን ስለራባችሁ ነው?»

ሽማግሌው ትንሽ አፈረ። «ጥብሱ ግን በእውነት ጥሩ ነበር» አለ። ከዚያ ነገሩን ለማለሳለስ፣ «ልጄ፣ ብዙ አወራሁና ጉሮሮዬ ደረቀ። እስቲ አንድ ብርጭቆ ወይን።»

«መታወቂያ» አለች አክስቴ።

«ምን?»

«መታወቂያ፣ አባባ። እርስዎ ያሉት ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ነው።»

«ሰባ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። እኔ ፊት አይቼ አልፈርድም። ዛሬ እዚህ ፉርጎ ውስጥ ፊት እንደሚያሳስት ሁላችንም አይተናል።»

ሽማግሌው ኪሱን ዳበሰ። መታወቂያው ካፖርቱ ውስጥ፣ ካፖርቱ ደግሞ ከዕቃው ጋር ሌላ ፉርጎ ነው። በተማጽኖ ወደ ሸምበቆ ዞረ። ሸምበቆ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ናት፣ ክቡርነትዎ። ሕጉ የእርስዎ ነው።»

በመጀመሪያ የተሰማው ከአፍንጫ የወጣ ትንሽ ድምፅ ነበር። የሙሽራው እናት ናት። ጀርባዋን እንደሰጠች ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ለቅሶ መስሏቸው ሙሽራው ሊነሳ ሲል፣ ዞር አለች፤ በሳቅ እንባዋ ፈሷል። «ሰባ ስምንት» ትላለች፣ ደግማ ትስቃለች። ሽማግሌውም ራሱ ሳቀ፤ ቢሆንም ወይኑን አላገኘም።

ሳቋ ሲበርድ ፊቷን በመሐረብ ጠርጋ ልጇን ጠራችው።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ የጠየቅሽኝ ‹ደግ ናት ወይ?› ብለሽ ነው። ደግ ናት አልኩሽ።»

እናትየው ወደ ሙሽሪት ተመለከተች። «የደገምሽው በምንድን ነው?»

«በሒሳብ ነው፣ እማማ።»

«እሱም ሒሳብ አይሆንለትም» አለች እናትየው። ብድግ ብላ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ ቀዩን መስመር ተሻግራ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሙሽሪት እጇን ሳብ አድርጋ ልትስማት ስትል እናትየው ጉንጯን አዞረችላት፤ ትንሽ ኩርፊያ ግን ለወግ ያህል አስቀረች።

ወዲያው ከኋላ በኩል ሌላ ባቡር መጥቶ ተገጠመና ሁሉንም ወደ ኋላ፣ ወደ ወዲህ ማዶ ይጎትታቸው ጀመር። ምሰሶው በመስኮቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ሸሸ። ሙሽራውን አለፈ፣ ሙሽሪትን አለፈ፣ እናትየውን አለፈ። ሸምበቆ ቆሞ ሥልጣኑ በመስኮት ሲሄድ አየው። ምሰሶው ከፉርጎው ሲወጣ ኮፍያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«እንግዲህ ከአገሬ ወጥቻለሁ» አለ። «ለእኔም አንድ ይቀዳልኝ።»

አክስቴ ለሁሉም ቀዳች፤ ለሽማግሌውም ጭምር። አጎትየው ዕድሉን አይቶ «የተከበራችሁ» ብሎ ሲነሳ፣ እህቱ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

«አንተ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም በል።»

ስለዚህ ያለ ንግግር ጠጡ። ሙሽራው ተጎንጭቶ ፊቱን አጨማደደ። ሁለት መንግሥት የተጣላበት ነገር ይህን ያህል ይኮመጥጣል ብሎ አላሰበም ነበር። ብርጭቆውን ወደ ሚስቱ ገፋ አደረገው፤ እሷም እንደ ታላቅነቷ ጨረሰችለት።

ወንዙ ዳር ካለችው ትንሽ ጣቢያ ደርሰው ሞተሩ እስኪቀየር ተቀመጡ። ችግሩ ግን ወዲያ ማዶ የሙሽሪት ቤተሰብ ጣቢያው ላይ አበባ ይዞ ሲጠብቅ፣ ባቡሩ ድልድዩ መሀል ደርሶ ወደ ኋላ ሲመለስ በዓይኑ አይቷል። ሙሽራው ሐሳቡን ቀይሮ ልጃቸውን ይዞ የሸሸ መሰላቸው። ብዙም ሳይቆይ የሙሽሪት አባት በጀልባ ተሻግሮ፣ የሠርግ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ፣ አበባውን እንደ ዱላ ጨብጦ ወደ ፉርጎው ወጣ። ልጁን አማቷ ላይ ተደግፋ ስታወራ አገኛት።

ነገሩ ከተነገረው በኋላ ትንፋሹ ተመለሰ። የሙሽራው እናት የእሷንም ቅሬታ ልታወጣው ፈለገች።

«አይቀየሙኝና፣ ልጅዎ ሃያ አራት ዓመቷ መሆኑን ዛሬ ነው የሰማነው» አለችው።

«ሃያ አራት ናት፤ ምን የሚደበቅ አለው?» አለ አባትየው ግራ ተጋብቶ። ከዚያ ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አየው። «ዋናው ነገር ባል ከሚስት መብለጡ ነው። በሁለት ዓመት መብለጡ ደግ ነው።»

«ማን?»

«ልጅዎ ነዋ። ሃያ ስድስት ነው ብለውናል እኮ።»

ሁሉም አንድ ላይ ወደ አጎትየው ወንበር ዞሩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ፉርጎው ጫፍ ላይ ካለው መጸዳጃ ቤት የመቀርቀሪያ ድምፅ ተሰማ። እናትየው ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች፤ አባትየው አበባውን እንደጨበጠ ተከተላት። አክስቴ ግን ቀደመቻቸው። ሥራዋ ነውና በሩን በትሪዋ ጫፍ በትሕትና ቆረቆረች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች። «ባቡሩ ጣቢያ ላይ ቆሞ ሳለ መጸዳጃ ቤት መጠቀም ክልክል ነው።»